ብቻዋን እንድትበር ፈቅጃለሁ

ሴፕቴምበር 3፣ 1984
ነብራስካ

የተከበሩ ሚስተር ስታውፈር፣

እንደምን ሰነበቱ? የአሪዞና ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? "ሁላችንም ደህና ነን" ብዬ እንዳልጀምር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሬዲዮ ላይ መጀመሪያ የሚነገረው የጎደለው ነገር ነው ይሉኝ ነበር። እንግዲያው የጎደሉት እርስዎ ነዎት። ከሄዱ አንድ ወር ሊሞላ ነው፤ የደረሰኝ አንዲት ፖስታ ካርድ ብቻ ናት።

እኔም ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድርቆሹ ገብቶ እስኪያልቅ ጣቶቼ ብዕር አልይዝ ብለውኝ ነበር። ሃርላን በጸደይ ከፈረስ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ የባልም የሚስትም ሥራ እኔው ጫንቃ ላይ መሆኑን ያውቃሉ። አሁን በሁለት ምርኩዝ እስከ በረቱ በር ይደርስና እዚያ ቆሞ ትእዛዝ ይሰጠኛል። ያልደወልኩልዎት ደግሞ ስልካችን ከአራት ጎረቤት ጋር በአንድ መስመር ስለሆነ ነው። "ሄሎ" ስል ጎረቤቴ ወይዘሮ ግሪምስ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

የምሥራቹን ልንገርዎት። ረጅሙን በረራ ጨረስኩ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ማይል፣ ሦስት ቦታ አርፌ፣ ብቻዬን። መቆጣጠሪያ ማማ ባለበት ማረፊያም ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ሁለተኛው ላይ መሬት ነክቼ ትንሽ ነጠርኩ። ማማው ላይ ያለው ሰውዬ "እመቤቴ፣ ከነጠርሽው ጋር አራት ልበልልሽ?" አለኝ። ብቻዬን የበረርኩት ሃያ አንድ ሰዓት ደርሷል። ሕጉ ከእኔ የሚፈልገው ሁሉ ደብተሬ ላይ አለ። የቀረው ከእርስዎ የሚፈልገው ነው፤ ከፈተናው በፊት ባሉት ስልሳ ቀናት ከአስተማሪ ጋር ሦስት ሰዓት ዝግጅት፣ ከዚያ "ለፈተና ደርሳለች" የሚል ፊርማ። ብቻዬን እንድበር የፈረሙልኝ የዘጠና ቀን ፈቃድም ሴፕቴምበር 28 ያልቃል።

ካርዱ ላይ "ምን አጣደፈሽ?" ብለዋል። ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ግን ይሁን፣ ልንገርዎት። ትሪና ሳምንቱን በሙሉ ራፒድ ሲቲ የሃርላን እህት ዶሪን ቤት ናት። ኩላሊቷ በሳምንት ሦስት ቀን መታጠብ አለበት፤ ማሽኑ ደግሞ እዚያ ብቻ ነው ያለው። በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በረዶ ሲጥል ጭራሽ መንገድ የለም። በአባቴ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ፈቃዱን ካገኘሁ ጠዋት ወስጃት፣ ታጥባ፣ ከብቱ ሳይጮህ ማታ ቤቷ ትተኛለች። ተማሪ ሆኜ ግን ብቻዬን እንጂ ሰው ይዤ አልበርም። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ብቻዬን ሄጄ አያታለሁ፣ ብቻዬን እመለሳለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ልትሸኘኝ መጣች። ዘወር ስል ከአጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ወጥታ ቀበቶውን አስራለች። "እማዬ፣ ለማንም አንናገርም" አለችኝ። "ጎንበስ እላለሁ። ስልሳ ፓውንድ እንኳ አልሞላም፤ ሻንጣ ናት በያቸው።" አሥራ አንድ ዓመቷ ነው ሚስተር ስታውፈር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቀበቶው ላይ አላቀቅኳቸው። አላለቀሰችም፤ እሱ ነው የገደለኝ። አጥሩን ይዛ ቆማ ስታየኝ ተነሳሁ።

አሁን ደግሞ የዶሪን ባል ሥራው ወደ ቴክሳስ ስለተዛወረ በኖቬምበር መጀመሪያ ይሄዳሉ። የሆስፒታሉ ሴትዮ ለትሪና "አሳዳጊ ቤተሰብ" እየፈለገች እንደሆነ ነግራኛለች። ልጄ የማላውቀው ሰው ቤት ልታድር ነው። ሁለት ሰው አልሆን፤ ከተማ ገብቼ ከእሷ ጋር ብኖር ሃርላንና አራት መቶ ከብት ማን ላይ ይወድቃሉ?

መቼ ነው የሚመለሱት? ደግሞስ ለምን እንደዚያ በድንገት፣ ለተማሪዎ እንኳ ሳይነግሩ ሄዱ?

አክባሪዎ
ሎርና ቲልማን


ሴፕቴምበር 11፣ 1984
ቱሶን፣ አሪዞና

ሎርና፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሳቅሁም፣ ሌላውንም ሆንኩ።

አልታመምኩም። ታሟል ተብሎ ከተወራ ማን እንዳወራ አውቃለሁ፤ ወይዘሮ ግሪምስን ሰላም በያት። ልጄ ጌይሎርድ አንድ ክፍል ሰጥቶኛል። መስኮቱ ፊት ለፊት አንድ ረጅም ቁልቋል አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይቆማል። ምን ሰርቆ እንደተያዘ እስካሁን አልነገረኝም። ምራቴ ያለ ጨው ታበላኛለች። ሌላ የሚወራ የለኝም።

ስለ ረጅሙ በረራ ደስ ብሎኛል። መንጠርሽ ግን አልገረመኝም። ዓይንሽን የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ትቀብሪያለሽ፤ ማኮብኮቢያው መጨረሻ ድረስ እዪ ብዬሽ ነበር፣ አሁንም እልሻለሁ። የነዳጁን ቆጣሪ አትመኚው፤ ክንፉ ላይ ወጥተሽ በእንጨቱ ለኪው።

ስለ ትሪና። ከወንበሩ ያወረድሻት ትክክል ነሽ። ፈታኝ ስለሚቆጣ አይደለም። ብቻሽን ስትሆኚ ብትሳሳቺ የምትጎጂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም እናት ብሆን ሕጉን እጠላው ነበር፤ ቢሆንም አወርዳት ነበር።

በዚህ መከር አልመለስም። ፊርማ ደግሞ በፖስታ አልልክም፤ ከአጠገብሽ ሳልቀመጥ ደርሳለች ብዬ አልፈርምም። ሦስቱን ሰዓት የበረራ አስተማሪዋ ኬይ ሮማይን ትስጥሽ። ከእናንተ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ወንዶቹ ያሾፉባታል፤ ከሁሉም ትሻላለች። እኔን አትፈልጊኝም።

የመጨረሻ ጥያቄሽን ዘልዬዋለሁ። ሌላ ጊዜ።

ኤመሪ ስታውፈር


ሴፕቴምበር 20፣ 1984

የተከበሩ ሚስተር ስታውፈር፣

ጤና ይስጥልኝ። ሃርላን ሰላም ብሎዎታል። በተቆጣሁበት ሰዓት ስለምጽፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሲበርድልኝ እንዳልጽፍ ፈርቼ ነው።

ሚስ ሮማይን ዘንድ ሄድኩ። እንዳሉት ጨዋ ልጅ ናት፤ ወንበር ሳበችልኝ። ደብተሬን ገልጣ እያነበበች መሃል ላይ ቆመች። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች፣ እንደገና ወደ መጨረሻው ሄደች። ዘጋችውና እጇን ላዩ ላይ አደረገች።

"ወይዘሮ ቲልማን፣ ይህን ደብተር ፈታኝ ፊት ይዘሽ እንዳትቀርቢ" አለችኝ።

"ምን ሆነ?"

"ለሚስተር ስታውፈር ጻፊላቸው። እሳቸው ይንገሩሽ።"

"አንቺ አየሽው አይደል? ንገሪኛ!"

"አባቴን መብረር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው" አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። "ከእኔ አፍ አይወጣም። እስኪስተካከል ግን አንድ ሰዓትም ልሰጥሽ አልችልም፤ ይቅርታሽን።"

ምን እንዳየች አላወቅኩም። ደብተሩን ቤት ወስጄ ገጽ በገጽ አገላበጥኩት። ሰዓቱ ተደምሯል፤ ጁን 30 ላይ "ብቻዋን እንድትበር ፈቅጃለሁ" ብለው የጻፉትም አለ። ምን ጎደለ?

ትሪና መብላት አቁማለች። መርፌው የሚገባበት ክንዷ አብጦ ሁለት ቀን ትኩሳት ይዟት ነበር። ትናንት ደወለች። "እማዬ፣ አንዲት ሴትዮ ደብተር ይዛ መጣች" አለችኝ። "ምን እንደምወድ ጠየቀችኝ፤ መብላት፣ መጫወት።"

"ምን አልሻት?"

"አራት ድመት እንዳለኝ ነገርኳት። የምኖርበት ቤት ግን ድመት አይገባም አለችኝ፤ ሰዎቹን ያስነጥሳቸዋል።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አንቺ ግን ከዚያ በፊት ትመጫለሽ አይደል?" አለች። ወይዘሮ ግሪምስ እንኳ መተንፈስ አቆመች።

እባክዎ። በኤፕሪል በርዎ ላይ ከቆምኩባት ቀን በስተቀር ሰው ለምኜ አላውቅም። ይህ ሁለተኛው ነው። ያለውን ነገር ይንገሩኝ።

ሎርና


ሴፕቴምበር 24፣ 1984
ቱሶን

ሎርና፣

ኬይ ያየችው ከፊርማዬ አጠገብ ያለውን ቀን ነው። አስተማሪ ሲፈርም የፈቃዱን ቁጥርና የሚያልቅበትን ቀን ይጽፋል። የእኔ ማርች 1984 ይላል። አንቺን ማስተማር የጀመርኩት ኤፕሪል 14 ነው።

በጃንዋሪ ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ ሲያበቃ "ኤመሪ፣ ከዛሬ ጀምሮ መኪና መንዳትህንም አልወደውም" አለኝ። የጤና ወረቀቴን አልፈረመልኝም። የማስተማር ፈቃዴ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ማርች ሲያልቅ አላደስኩትም። ለማን ብዬ? ሚስቴን ከቀበርኩ ገና መንፈቄ ነበር፣ ወፎችን ብቻ ነበር የማየው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንቺ መጣሽ። ዝናብ እየመታሽ በረንዳው ላይ ቆመሽ ስለ ልጅሽ ነገርሽኝ። ፈቃዴ አልፎበታል ልልሽ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ" የሚል ነበር።

እምቢ ማለት አቃተኝ ብዬ እንዳላመካኝ። እንድትመጪ ፈልጌ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንደገና አስተማሪ መሆን ፈለግሁ። አንቺን ለመርዳት ብቻ ብል እዋሻለሁ፤ ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም።

በሕግ ካየነው፣ እኔና አንቺ ስንበር በዚያ አውሮፕላን ውስጥ አብራሪ የሚባል ሰው አልነበረም። ሁለት ተሳፋሪዎች ነበርን። ሌላ ተማሪ ማረፍ የሚለማመደው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው፤ አንቺን በመጀመሪያው ቀን ያስጀመርኩሽ ጎበዝ ስለሆንሽ አልነበረም። ልቤ አየር ላይ ቀጥ ብትል መሬት የምታደርሺን አንቺ ስለሆንሽ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እየፈራሁ አስተማርኩሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን በረሽ የመጣሽ ቀን እንደ አብራሪዎች ልማድ የሸሚዝሽን ጀርባ በመቀስ ቆርጬ ቀኑን ስጽፍበት እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አንቺ እርጅና መስሎሽ ሳቅሽብኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ቢያንስ ከእኔ ጋር አትሞቺም ብዬ እንቅልፍ ተኛሁ።

አልታመምኩም ያልኩሽም ውሸት ነው። ኦገስት ላይ ጋራዡ ውስጥ ወደቅሁ። ጌይሎርድ መጥቶ ወሰደኝ። ጥያቄሽን የዘለልኩት ለዚህ ነው።

አሁን የምልሽን ስሚ። አርብ ያልቃል የምትዪው ፈቃድ መጀመሪያውኑም አልነበረም። አውሮፕላኑን አትንኪው። ይህን ደብዳቤ ይዘሽ በረራ ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ሂጂ፣ አሳዪያቸው። ለእነሱ የምጽፈው ይህ ነው፦ ሎርና ቲልማን የፈቃዴን ማለፍ አታውቅም ነበር፤ አልነገርኳትም፤ ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ነው። ኤመሪ ስታውፈር፣ በገዛ እጄ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ካልቻልሽም ይገባኛል።

ኤመሪ


ኦክቶበር 6፣ 1984

ሚስተር ስታውፈር፣

ደብዳቤዎን ይዤ ሦስት ቀን በኪሴ ዞርኩ። ከብት ሳስገባ፣ ሃርላንን ሳጥብ፣ ኪሴ ውስጥ ነበረች። እግዜር ይማርዎት። ያልተቆጣሁ አይምሰልዎት፤ ለብቻዬ በረት ውስጥ ጮኼብዎታለሁ። ከዚያ እንዴት ነዎት? ልብዎ አሁን እንዴት ነው? ጨውዎን ይተዉ።

ረቡዕ ቢሮው ሄድኩ። ሚስተር ብሬከን የሚባሉ ሰው ተቀበሉኝ፤ ቦርጫም፣ ሳቂታ፣ የዓሣ ሥዕል ያለበት ክራቫት ያሰሩ። ደብዳቤዎን አነበቡ፣ ደብተሬን አዩ፣ ተነፈሱ።

"የሚያሳዝን ነው" አሉ። "እኚህን ሰውዬ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እንግዲህ ነገሩ ሁለት መንገድ አለው፣ እመቤቴ። ፈቃዱ ማለፉን እያወቁ ከበረሩ፣ ያለ ፈቃድ በረሩ ማለት ነው። የበረሩት ሰዓት ይሰረዛል፣ ለአንድ ዓመትም ፈተና የለም። ካላወቁ ግን ጥፋቱ የአስተማሪው ነው። ሰዓቱ የእርስዎ ነው፣ ሌላ አስተማሪ ሦስት ሰዓት ይስጥዎትና ይፈርምልዎ፣ በዚሁ ወር ይፈተናሉ።"

"እሳቸውስ ምን ይሆናሉ?"

"አላወቅኩም ብለው ከፈረሙ ተማሪ አታለዋል ማለት ነው። ሁሉም ይሰረዛል። የማስተማሩ ብቻ አይደለም፣ ከ1940 ጀምሮ ያለው ሁሉ።"

ወረቀቱን አወጡ። ሁለት መስመር ናት። ብዕሩንም ከፍተው ሰጡኝ። ላስብበት አልኳቸው። "ምን የሚታሰብ አለው? ካላወቁ አላወቁም ነው" ብለው ሳቁ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፤ እስካሁን ፒክአፑ ውስጥ ናት።

ለምን እንዳልፈረምኩ አይጠይቁኝ።

ሐሙስ መብረር ስላልቻልኩ በመኪና ሄድኩ። አሳዳጊ የተባሉት ባልና ሚስት እዚያው መጥተው ነበር፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ እንዳልጠላቸው ብዬ ታግዬ አቃተኝ። ሴትዮዋ ለትሪና የሌሊት ልብስ ገዝታላታለች፤ ሮዝ። ትሪና አመስግና ተቀበለችና እነሱ ሲሄዱ "ልልበሰው ወይስ ትመጫለሽ?" አለችኝ። ልበሺው አልኳት፣ ምን ልበል? መንገድ ላይ መኪናውን አቁሜ መሪውን በጡጫ መታሁት። እጄ አብጧል፤ ጽሑፌ እንዲህ የሆነው ለዚያ ነው።

እውነቱን ልንገርዎት። ሁለት ጠዋት የአውሮፕላኑን በር ከፍቼ ቆሜያለሁ። ብሄድ ማን ያየኛል? ወስጃት ብመጣ ማን ይጠይቀኛል? ግን አንድ ቀን ይጠይቃሉ፤ ያኔ ለዘላለም ይዘጋብኛል፣ እሷም ለዘላለም እዚያ ትቀራለች። በሩን መልሼ ዘጋሁት። በሰሜን በኩል በረዶ ጥሏል አሉ። ዶሪን ዕቃዋን ማሸግ ጀምራለች።

ምን ላድርግ?

ሎርና


ኦክቶበር 12፣ 1984
ቱሶን

ሎርና ቲልማን፣

ፈርሚ።

ምን ነካሽ? ደብዳቤውን የጻፍኩልሽ ኪስሽን እንዲያሞቅልሽ ነው? ልጅሽ ሮዝ ልብስ ለብሳ የሰው ቤት ልትገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፤ አንቺ ለአንድ ሽማግሌ የበረራ ፈቃድ ካርድ ታዝኛለሽ! ያን ካርድ ምን ላደርገው ነው? ከቁልቋሉ በላይ ወጥቼ አልበርም። ምራቴ ደረጃ እንኳ አታስወጣኝም።

አያመኝም አልልሽም። አርባ አራት ዓመት ነው። ሁለት መቶ ስንት ሰው አስተማርኩ፣ አንድም አልሞተብኝም። አሁን ስሜ ተማሪ ያታለለ ተብሎ ይጻፋል። ኬይ ታነበዋለች፣ አባቷም ያነበዋል። ይህ ያመኛል፣ ሌሊት ሳይሆን ጠዋት ጠዋት፣ ልነሳ ስል። ግን እውነት ነው፤ አልነገርኩሽም። ያላደረግኩትን አልተጫንኩም። አንቺም የምትፈርሚው እውነቱን ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሚያንቀጠቅጥሽ አልገባኝም።

ከሰኞ አትለፊ። ከዚያ በቀጥታ ኬይ ጋ ሂጂ።

ፈታኙ የሞተሩን ኃይል ቀንሶ "አሁን ቆመብሽ፣ የት ታርፊያለሽ?" ይልሻል። አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርጊ፣ ከዚያ ሜዳ ምረጪ፣ የመረጥሽውን አትቀይሪ። የተሻለ ሜዳ ሁልጊዜ ከኋላ ይታይሻል፤ ተይው። ሬዲዮ ላይ ያሰብሽውን ያህል ብቻ ተናገሪ። ነጥረሽ ከተነሳሽ ደግሞ እንዳትታገዪው፣ ኃይል ሰጥተሽ ዙሪና እንደገና ነይ። እንደገና መምጣት አያስጥልም።

አትጻፊልኝ፣ ፈርሚ።

ኤመሪ


ኖቬምበር 5፣ 1984

ውድ ኤመሪ፣

በስምዎ ስጠራዎት የመጀመሪያዬ ነው። ከእንግዲህ ሚስተር ስታውፈር ብል መሸሸጊያ ይሆንብኛል።

እንዳሉኝ ሰኞ ፈረምኩ። ሚስ ሮማይን ሦስቱን ሰዓት ሰጠችኝና ፈረመችልኝ። ኦክቶበር 30 ተፈተንኩ። ፈታኙ የሞተሩን ኃይል ሲቀንሱብኝ የሚስተር ሆልምን የታጨደ ማሳ መረጥኩ፤ ከኋላዬ የተሻለ ነበረ፣ አልዞርኩም። አለፍኩ። ኖቬምበር 1 ትሪናን ልወስዳት ሄድኩ። ዶሪን ሻንጣዋን አዘጋጅታ አጥሩ ጋ ቆማለች። ትሪና ወንበሩ ላይ ወጥታ ቀበቶዋን አሰረችና "አሁንም ጎንበስ ልበል?" አለችኝ። "ቀና በይ" አልኳት። ወንዙን እንዳለፍን ስለ ድመቶቹ መጠየቅ ጀመረችና እስክናርፍ አላቆመችም። ማታ ሁለት ሳህን በላች። ሃርላን ምርኩዙን ትቶ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘ አልጋዋ ድረስ ሄደ። ቅዳሜ ወስጃት መለስኳት፣ ዛሬም እንዲሁ። እየታጠበች እያለ ነው ይህን የምጽፍልዎት፤ ማሽኑ ከጎኔ ይንጫጫል።

ከፈረምኩ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፉልኝም። ሚስ ሮማይን ነገረችኝ፤ የመሰረዙ ደብዳቤ ደርሶዎታል። ሁሉም። አባቷ ወሬውን ሰምቶ "ኤመሪ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም ነበር፤ ምስኪኗን ሴትዮ!" ብሏል አለችኝ። ምስኪኗ ሴትዮ እኔ ነኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት እችል ነበር። ለሌላው ሁሉ ዝም እላለሁም። ለእርስዎ ግን አልችልም።

አውቅ ነበር።

ኤፕሪል 14 ቀን፣ የመጀመሪያው ትምህርት አልቆ ወጥ ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ ሲፈርሙልኝ አነበብኩት። ማርች 84። እኔ የከብት ክትባት ጠርሙስ ላይ ቀኑን ሳላነብ መርፌ ሰክቼ አላውቅም፤ ሃያ ዓመት ያነበብኩት የሚያልፍበትን ቀን ነው። እንዳየሁት ገባኝ። ብጠይቅዎት ትምህርቱ ያበቃል፤ በዙሪያችን ደግሞ ከከብቱ ሳልርቅ ልደርስበት የምችል ሌላ አስተማሪ አልነበረም። ደብተሩን ዘጋሁና "በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንት ሰዓት?" አልኩዎት። እርስዎ በየትምህርቱ እውነተኛውን ቀን ጻፉ። አንድ ጊዜም አልዋሹም። እኔም በየትምህርቱ አነበብኩት። ሚስ ሮማይን ያየችውን አላወቅኩም ብዬ የጻፍኩልዎ ውሸት ነው፤ እርስዎ ራስዎ ተናግረው ጥፋቱን እንዲወስዱልኝ ነበር የፈለግሁት። ወሰዱልኝ። ከጠበቅኩት በላይ ወሰዱልኝ፤ ለዚያ ነው ወረቀቷ ፒክአፑ ውስጥ ያን ያህል የሰነበተችው።

ሚስተር ብሬከን ስፈርም "ቀኑን አላዩትም?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። "እኔ የከብት እርባታ ሴት ነኝ፣ ስለ ወረቀት ምን አውቃለሁ?" አልኳቸው። ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም፤ እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ኤመሪ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ዳግመኛ አላደርገውም ማለት አለበት። እኔ ነገ ያን ወረቀት ቢያመጡልኝ ነገም እፈርማለሁ። አርባ አራት ዓመትዎን ወስጄ ልጄን ቤቷ አስገባሁ፤ መልሰሽ ምረጪ ብባልም ልጄን ነው የምመርጠው። ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅዎትም። ግን ስምዎ ላይ የተጻፈው ሐሰት መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው እኔ መሆኔን ማወቅ ይገባዎታል። ያታለሉት ተማሪ የለም።

ይህ ደብዳቤ በእጄ የተጻፈ ነው፣ ስሜም አለበት። ለሚስተር ብሬከን ከላኩት ያምኑዎታል። ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ትሪናም የት እንደምትመለስ አውቃለሁ። አልለምንዎትም፤ ሁለት ጊዜ ለምኜ ያደረስኩብዎት ይበቃል።

የቢሮውን አድራሻ ፖስታው ውስጥ ለብቻው ጽፌ አስገብቼልዎታለሁ።

ሎርና